ማየ አይኅና የውኃ መሐንዲሱ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ አባት ትንሽ ልጁን ይዞ አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ከድንቅነሽ ፊት ቆመ እንበል። ልጁ መግለጫውን አንብቦ፣ «ይህች ሦስት ሚሊዮን ዓመት ካለፋት፣ መስከረም አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን የሰማነው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ታዲያ የምን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባትየው ምን ይመልሳል? መሐንዲስ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብደዋል። ምክንያቱም በቤተ ዘመድም ሆነ በዕድር መሐንዲስ «የተማረ» ነው፤ ስለ ድልድይ ሲናገር የሚታመነውን ያህል ስለ ዓለም አፈጣጠር ሲናገርም ቃሉ እንደ ማኅተም ይቆጠራል። ይህ አመኔታ ክብር ነው፤ ዕዳም ነው። የዛሬው ንግግር ዓላማ ይህ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል ማመልከት ነው።

የፍጥረትና የዝግመተ ለውጥ ክርክር ለሥነ ሕይወት ሊቃውንትና ለካህናት ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዘመን «የፍጥረት ሳይንስ» የተባለው እንቅስቃሴ እንዲስፋፋ እጅግ ከደከሙት መካከል ዋናው ሰው ካህን አልነበረም፤ የሥነ ሕይወት ሊቅም አልነበረም። የውኃ መሐንዲስ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ሞሪስ በ1918 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ተወለደ። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ በኋላ በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል የወሰንና የውኃ ጉዳይን በሚከታተለው ኮሚሽን ሠራ። በ1950 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሃይድሮሊክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ፤ ከ1957 ጀምሮም በቨርጂኒያ ፖሊቴክኒክ የሲቪል ምህንድስና ክፍልን በኀላፊነት መራ። በ1963 የታተመው የሃይድሮሊክስ መጽሐፉ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማስተማሪያ ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ ሰውየው ያልተማረ ወይም ሙያውን የማያውቅ አልነበረም፤ በዚህ አዳራሽ ቢገኝ ኖሮ እንደ ባልደረባ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ይኸው መሐንዲስ በ1961 ጆን ዊትኮምብ ከተባለ የነገረ መለኮት መምህር ጋር ስለ ዘፍጥረት የጥፋት ውኃ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ አሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ምድር የተፈጠረችው ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ነው፤ ቅሪተ አካል የያዙት የድንጋይ ንጣፎች በአብዛኛው የተነጠፉት በኖኅ ዘመን በአንድ ዓመት ውስጥ በማየ አይኅ ነው፤ ቅሪተ አካላቱ ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል የሚታዩት አንዱ ፍጥረት ከሌላው ስለ ቀደመ ሳይሆን፣ ውኃው በክብደታቸውና በቅርጻቸው ስለ ለያቸው፣ መኖሪያቸው ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ስለ ነበረና ፈጣኖቹ ወደ ኮረብታ ስለ ሸሹ ነው።

ከመጽሐፉ ማኅበራትና ተቋማት ተወለዱ። በ1981 የአርካንሳስና የሉዊዚያና ክፍላተ ሀገር ዝግመተ ለውጥ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት «የፍጥረት ሳይንስ»ም በእኩልነት እንዲሰጥ ሕግ አወጡ። የአርካንሳሱን ሕግ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1982 ሻረው፤ የሉዊዚያናውን ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሻረው። የፍርዱ ፍሬ ነገር፣ ሕጉ የሃይማኖት ትምህርትን በሳይንስ ስም በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት የወጣ ነው የሚል ነበር። ሆኖም ፍርድ ቤት የሚወስነው በክፍል ውስጥ ምን እንዲነገር ነው እንጂ ዓለቱ ምን እንደሚናገር አይደለም። ዓለቱ የሚናገረውን ለማወቅ ዓለቱ ወዳለበት መውረድ ያስፈልጋል።

ሞሪስ በአንድ ነገር ሊመሰገን ይገባዋል። ማየ አይኅን በተአምር ብቻ አልፎ አልሄደም፤ ውኃ፣ ደለልና ንጣፍ አድርጎ አቀረበው። ውኃ ከሆነ ደግሞ የውኃ ሕግ ይፈርደዋል። ስለዚህ ጥያቄው እምነትን ሳይነካ በምህንድስና ዐይን ሊመረመር ይችላል።

ለምርመራው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ የመንገድ መሐንዲስ ጥቂት ነው። መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ ተጓዡ የሚያልፈው በዘመን መዝገብ ውስጥ ነው። ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገኛል፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የሞላበት የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ የጀሶ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ተፈራርቀው የተነጠፉበት ክፍል፣ በመጨረሻም የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ የሚባለው ይመጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ለመሐንዲስ ቀላሉ ፈተና ጀሶው ነው። ጀሶ ከጎርፍ አይዘቅጥም፤ በውኃ ውስጥ የሟሟው ጨው ዝቃጭ ሆኖ የሚቀረው ውኃው ሲተን ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሊሰጥ የሚችለው ጀሶ ከሁለት ግራም አይሞላም። በዚህ ስሌት አንድ ሜትር ውፍረት ያለው የጀሶ ንጣፍ እንዲገኝ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የባሕር ውኃ መትነን አለበት። በዓባይ ሸለቆ ጀሶው አንድ ንጣፍ ብቻ አይደለም፤ እየተደራረበ በጭቃ ድንጋይ ተለያይቶ ይታያል። ይህም ጥልቀት የሌለው ባሕር እየገባ ሲደርቅ፣ ዳግመኛ ሲገባና ሲደርቅ ረዥም ዘመን ማለፉን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ተመልሶ መጥቶ የኖራውን ድንጋይ አነጠፈ። ምድር ሁሉ በውኃ ተሸፍና በነበረችበት በአንዲት ዓመት መካከል ይህ ሁሉ መድረቅ እንዴት ሊፈጸም ይችላል? የሃይድሮሊክስ መጽሐፍ ለዚህ መልስ የለውም።

ሁለተኛው ፈተና ከላይ በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። በደጋው መንገድ ሲቆረጥ በአንዱና በሌላው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ መካከል ቀይ የሸክላ አፈር ንጣፍ መታየቱ የተለመደ ነው። ለመሠረት ሥራ አስቸጋሪ በመሆኑ መሐንዲሶች ያውቁታል። ቀዩ አፈር የሚመሰክረው የቀለጠው ድንጋይ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ወደ አፈርነት እንደ ተለወጠ፣ ከዚያም አዲስ ፍሳሽ መጥቶ እንደ ሸፈነው ነው። ድንጋይ አፈር እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ በሳምንት ወይም በወር አይቆጠርም።

ሦስተኛው ፈተና የቅሪተ አካላቱ ቅደም ተከተል ነው። ውኃ የሚለየው በመጠን፣ በክብደትና በቅርጽ ነው፤ የዘር ሐረግን አይለይም። ትራይሎባይት የተባሉት ጥንታውያን የባሕር ነፍሳት በመጠናቸውና በባሕር ወለል ላይ በመኖራቸው ከሸርጣን ጋር ይቀራረባሉ። በአንድ ጎርፍ ተጠርገው ቢሆን ኖሮ ተደባልቀው በተገኙ ነበር። ነገር ግን በአንድ ንጣፍ ውስጥ አብረው የተገኙበት ጊዜ የለም፤ ትራይሎባይት ከምድረ ገጽ ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው ሸርጣን የሚታየው። የአበባ ብናኝም እንደዚሁ ነው። ብናኝ ከአቧራ የቀለለ ሲሆን ነፋስም ውኃም በየቦታው ይበትነዋል፤ ሮጦም ወደ ኮረብታ አይሸሽም። ሆኖም አበባ ያላቸው ዕፀዋት ብናኝ በጥንታውያኑ ንጣፎች ውስጥ አይገኝም። ሚዛኑ የውኃ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይህ ባልሆነ ነበር።

አንዳንዶች የሥነ ምድር ሊቃውንት የጥፋት ውኃን የማይቀበሉት መጽሐፍ ቅዱስን ስለሚጠሉ ነው ይላሉ። ለዚህ ክስ መልስ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ሃርለን ብሬትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ሊቅ በ1923 በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ክፍል ያለውን የተቦረቦረ መሬት የቆረጠው ድንገተኛና ግዙፍ ጎርፍ ነው ብሎ ጻፈ። ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ በ1927 በተደረገ ስብሰባም አጥብቀው ተቃወሙት። ነገር ግን ማስረጃው እየተከማቸ ሄደ። በበረዶ ግድብ ተይዞ የነበረ ሐይቅ ግድቡን ሰብሮ መውጣቱ ታወቀ፤ በወንዝ አሸዋ ላይ የሚታየውን ሞገድ የሚመስሉ፣ ቁመታቸው ግን በሜትር የሚለካ የጠጠር ሞገዶች ተገኙ። በመጨረሻም ሊቃውንቱ አሳባቸውን ለወጡ፤ በ1979 ብሬትዝ ዕድሜው ከ95 ዓመት ካለፈ በኋላ የአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር ከፍተኛ ሜዳይ ተሸለመ። ሳይንስ ጎርፍን አልጠላም፤ የጎርፍን አሻራ ጠየቀ፤ አሻራው በተገኘበት ስፍራ ጎርፉን ተቀበለ። ዓለምን ሁሉ የሸፈነ የአንድ ዓመት ጎርፍ አሻራ ግን አልተገኘም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘመን ቆጠራ ነው። በኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ይቆጠራል። አየርላንዳዊው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ደግሞ በ1650 ባሳተመው ስሌት ፍጥረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው አለ። ሁለቱም ከቅዱሳት መጻሕፍት የትውልድ ሐረግ ተነሥተው ነው፤ ሆኖም አንዱ በግሪኩ፣ ሌላው በዕብራይስጡ ንባብ ስለ ተመሩ በመካከላቸው ወደ 1,500 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ይህ የሊቃውንቱ ጉድለት አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ የተሠራው በዓላትንና አጽዋማትን በሥርዐት ለማውጣት ነው፤ ይህንንም አገልግሎቱን እስከ ዛሬ ያለ እንከን ይፈጽማል። የድንጋይ ዕድሜ እንዲለካ ግን አልታቀደም። የመሬት ቀያሽ ጊዜን በቴዎዶላይት አይለካም፤ ይህም ቴዎዶላይቱን አያሳንሰውም።

የድንጋይን ዕድሜ የሚለካው ሌላ መሣሪያ ነው። በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ከእርሱም አንዱ ዓይነት በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ አርገን የተባለ ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ በቀለጠ ጊዜ ጋዙ ያመልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። ስለዚህ የተጠራቀመውን አርገን የለካ አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ያውቃል። ድንቅነሽ በኅዳር 1974 በአፋር፣ በሐዳር ስትገኝ ከአፅሟ 40 በመቶ የሚሆነው ተገኝቷል። በአቅራቢያዋ ያለው የአመድ ንጣፍ በዚህ ዘዴ ተለክቶ ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ታወቀ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ የአንጎሏ መጠን ወደ ቺምፓንዚ የሚቀርብ ሲሆን፣ የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበር ያሳያል።

ድንቅነሽ ብቻዋንም አይደለችም። ከእርሷ በፊት 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ በመካከለኛው አዋሽ ተገኝታለች። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኟት ሕፃኗ ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት፣ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በ2019 ለዓለም ያስተዋወቁት የወራንሶ ሚሌ የራስ ቅል 3.8 ሚሊዮን ዓመት አላቸው። በታችኛው ኦሞ በኪቢሽ የተገኙት የዛሬውን ሰው የሚመስሉ ቅሪቶች ደግሞ በ2005 ዕድሜያቸው 195,000 ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ነበር፤ በ2022 በላያቸው ያለው አመድ በተሻለ ዘዴ ሲመረመር ከ230,000 ዓመት ገደማ እንደማያንስ ታወቀ። ቁጥሩ ተስተካክሏል፤ ያስተካከሉትም ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። በ1912 በእንግሊዝ አገር ተገኘ የተባለው የፒልትዳውን ቅል አስመሳይ መሆኑን በ1953 ያጋለጡትም ሳይንቲስቶች ናቸው። የራሱን ስሕተት የሚያርም ሥርዐት እንደማይታመን ሥርዐት ሊቆጠር አይገባም፤ ሁለተኛ ስሌት የማያስደርግ መሐንዲስ ነው የሚያስፈራው።

ዝግመተ ለውጥ ሰው ዛሬ በዱር ከሚታየው ዝንጀሮ ወይም ጦጣ ተወለደ አይልም። ቺምፓንዚ ለሰው የአጎት ልጅ ነው እንጂ አያት አይደለም፤ ሁለቱ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት አንዱ በያንዳንዱ ሰው ሕዋስ ውስጥ ይገኛል። የታላላቅ ጦጣዎች ክሮሞሶም 48፣ የሰው 46 ነው። ዝምድናው እውነት ከሆነ ሁለት ጥንድ ክሮሞሶሞች በሰው ወገን አንድ ላይ ተጋጥመው መገኘት አለባቸው። በእርግጥም የሰው ሁለተኛው ክሮሞሶም ሲመረመር፣ በጫፍ ላይ ብቻ ሊኖር የሚገባው ምልክት በመካከሉ ተገኘ፤ ይህም በ1991 ታትሞ ወጣ። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሁለት ቱቦ የተጋጠመበትን ቦታ ከስፌቱ እንደሚለየው ማለት ነው።

«ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» የሚለውም አባባል ከመሐንዲስ አፍ መውጣት የለበትም። የምሰሶና የወራጅ ስሌት የቆመው በመለጠጥ ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው። ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው ብሎ ከአርማታ ውስጥ ብረት የቀነሰ መሐንዲስ የለም።

ሌላው ክርክር ከምህንድስና የተበደረ ነው። እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ፔሊ በ1802 ሜዳ ላይ የተገኘ ሰዓት ሠሪ እንዳለው እንደሚመሰክር ሁሉ ሕያዋን ፍጥረታትም ይመሰክራሉ ብሎ ጻፈ። በዚህ ዘመን ያሉ ተከታዮቹ አንድ ክፍላቸው ቢጎድል የማይሠሩ የሕዋስ መሣሪያዎች አሉ፤ ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ሊገኙ አይችሉም ይላሉ። ለዚህ ጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ መልስ ይሰጣል። ከቅስቱ አንዲት ድንጋይ ብትወጣ ቅስቱ ይፈርሳል። ነገር ግን የቆመው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ካሳፎርማ ደግፎት ድንጋዩ አንድ በአንድ ተደረደረ፤ ኋላም ካሳፎርማው ተነሣ። በእርግጥ ድልድዩ ግንበኛ ነበረው፤ ምሳሌው የሚያስረዳው አንዱን ነጥብ ብቻ ነው። ዛሬ አንዱ ቢጎድል የማይቆም ነገር ሁሉ ትናንት ደረጃ በደረጃ አልተሠራም ማለት አይቻልም። በሕያዋን ዘንድም ቀድሞ ለሌላ ተግባር ያገለግል የነበረ ክፍል ኋላ አዲስ ተግባር ይይዛል፤ ደጋፊው ደግሞ ይወገዳል።

ይህ ክርክር በ2005 በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቧል። በዶቨር ከተማ የትምህርት ቦርዱ ዝግመተ ለውጥን የሚያጠራጥር መግለጫ ለተማሪዎች እንዲነበብ ቢያዝ የሥነ ሕይወት መምህራኑ አናነብም አሉ፤ 11 ወላጆችም ከሰሱ። ዳኛው ጆን ጆንስ በታኅሣሥ 2005 በሰጡት ባለ 139 ገጽ ፍርድ አሳቡ ሳይንስ እንዳልሆነ ወሰኑ። የሚያሳዝነው ከፍርዱ በኋላ ዳኛው የግድያ ዛቻ ደርሶባቸው በጥበቃ ሥር መዋላቸው ነው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወላጅ ከመምህር የተለያየው በውኑ አንዱ አማኝ፣ ሌላው ከሐዲ ስለ ሆነ ነበርን? ከከሳሾቹ ወገን ቀርበው ከመሰከሩት መካከል የሥነ ሕይወት ሊቁ ኬኔት ሚለርና የነገረ መለኮት ሊቁ ጆን ሆት ሁለቱም ካቶሊካውያን አማኞች ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ካደላደሉት አንዱ የሆነው ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪም የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር።

ይህ ሊሆን የቻለው ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ስላልሆኑ ነው። «ይህ ድልድይ ለምን ቆመ?» ተብሎ ሲጠየቅ መሐንዲሱ ጭነቱንና መሠረቱን ይናገራል፤ የአገር ሽማግሌ ደግሞ «ሰው ከሰው እንዲገናኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ልውሰድ ሲል ነው ጠቡ የሚነሣው። በኢትዮጵያ የትርጓሜ መምህራን ዘንድ አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ መፍታት የቆየ ልማድ ነው። ቅዱስ መጽሐፍን የደለል ጥናት ዘገባ አድርጎ ብቻ ማንበብ የመጽሐፉን ክብር ከፍ አያደርገውም፤ ወደ ዘገባነት ያወርደዋል።

ሞሪስ በ2006 እስኪሞት ድረስ በአሳቡ ጸና። ቅን አማኝ መሆኑን የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ስሕተቱ በማመኑ አይደለም፤ ስሕተቱ መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ልኬቱ እንዲስማማለት መፈለጉ ነው። የአፈር ምርመራ ውጤት ሳይመጣ መሠረቱ ይበቃል ብሎ የፈረመ መሐንዲስ ሕንፃው ባይፈርስም ጥፋተኛ ነው። ፊርማው የሚታመነው ከምርመራው በኋላ ስለሚመጣ ነውና።

በሙዚየሙ የቆመው ልጅ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። አባትየው ስለማያውቀው ነገር ዝም ቢል ይሻላል፤ የሚያውቀውን ግን መደበቅ የለበትም። ስለዚህ እንዲህ ሊለው ይችላል፦ «ሰባት ሺህ አምስት መቶው አባቶች በዓላትን የሚያወጡበት ቁጥር ነው፤ ይህኛው ድንጋዩ የሚናገረው ቁጥር ነው። ስታድግ የድንጋዩን አቆጣጠር ትማራለህ፤ የአባቶችህንም አቆጣጠር ከመምህራኑ ትማራለህ። ማንም ቢሆን ግን አንዱን ስላወቅህ ሌላውን ጣል ቢልህ፣ መጀመሪያ ለካኸው ወይ ብለህ ጠይቀው።»